ከበሮው ፋይል ሲሆን

ባንድ የሌለበት ሰርግ ሁላችንም ሄደናል። አንድ ኪቦርዲስት፣ አንድ ዘፋኝ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ በቃ። ኪቦርዲስቱ በቀኝ እጁ ዜማውን ይከተላል፣ በግራው ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጭኖ ይቆያል። ከበሮው ግን አለ፣ ቤዙም አለ፣ አንዳንዴ ክራር የሚመስል ነገርም ከኋላ ይሰማል። ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ልጁ አንዲት በተን ይነካል፤ ከበሮው ይገለበጥና ሰዉ እስክስታውን ያስነካዋል። «ይሄን ከበሮ ማን መታው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ፋይል ሳገኝ ከፍቼ ውስጡን ማየት ልማዴ ነው። ሰርጉ ላይ የምንሰማው ከበሮ ደግሞ ፋይል ነው። ኪቦርዲስቶች «ሪትም» ወይም «ስታይል» ይሉታል። የሆነ ሰው የሆነ ቀን ቁጭ ብሎ ሠርቶታል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ከፍቶ አስተካክሎታል፤ ከዚያም ሌላ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የ«ማስተካከል» ታሪክ ነው፤ ማሽን ምት መምታት ከጀመረበት ጊዜ ተነስቶ የእኛ ሰዎች ማሽኑ ያላሰበውን ምት እስካስገቡበት ይሄዳል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦርጋን አጠገብ የቆመው ሳጥን

ምት የሚመታ ማሽን መጀመሪያ የመጣው ከጥናት ፍላጎት ነው። በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪ ካውል፣ ሰው በሁለት እጁ ሊቆጣጠራቸው የሚከብዱ ተደራራቢ ምቶችን የሚያወጣ መሣሪያ ፈለገና ሩሲያዊውን ፈጣሪ ሊዮን ቴርሚንን አሠራው። «ሪትሚኮን» ተባለ። ሦስትን በሁለት ላይ፣ አምስትን በአራት ላይ እየደራረበ ይመታ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሦስትን በሁለት ላይ የመደረብ ነገር በኋላ ወደ እኛ ከበሮ ስንመጣ ይመለሳል።

ሪትሚኮን ገበያ የሚወጣ ዕቃ አልሆነም። ገበያ የወጣው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ሳጥን ነው። በ1959 ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሳይድማን»ን አቀረበ። ሳይድማን ማለት ባንድ ውስጥ ከዋናው ሰው ጎን ሆኖ የሚያጅብ ሙዚቀኛ ነው፤ ስሙ ብቻ የማንን ቦታ ሊይዝ እንደመጣ ይናገራል። ሳጥኑ ውስጥ ዲስክ ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከር የኤሌክትሪክ ንክኪዎችን በተራ ይነካል፣ እያንዳንዱ ንክኪ አንድ የከበሮ ድምፅ ያስወጣል። እንደ ዋልዝ፣ ታንጎና ፎክስትሮት ያሉ 12 ምቶች ነበሩት። ፍጥነቱን መቀየር ይቻላል፣ ምቱን ግን አይቻልም። ምቱ ብረቱ ላይ የተሠራ ነው፤ ለመቀየር ማሽኑን መፍታት ያስፈልጋል።

ቀጣዩ እርምጃ ከጃፓን መጣ። ካኬሃሺ ኢኩታሮ የሚባል ሰው ባቋቋመው ኤስ ቶን በተባለ ድርጅት በ1967 «ሪትም ኤስ ኤፍአር 1» የሚባል ማሽን ወጣ። ዲስኩ ቀረ፣ ትራንዚስተር ተተካ። 16 በተኖች ነበሩት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምት። ሁለት በተን በአንድ ጊዜ ሲጫን ግን ማሽኑ ሁለቱን ምቶች ደርቦ ይመታቸዋል። ቦሳ ኖቫና ማርሽ አንድ ላይ ብትጫኑ ፋብሪካው ስም ያላወጣለት ሦስተኛ ነገር ይወጣል። ለእኔ የማስተካከል ታሪክ እዚህ ይጀምራል። ተጠቃሚው የተሰጠውን ዝርዝር እንዳለ ከመቀበል ወጥቶ የራሱን መቀላቀል ቻለ። ሀሞንድ ኦርጋን ሠሪዎቹም ይህን ማሽን ኦርጋናቸው ውስጥ አስገቡት፤ ካኬሃሺ ደግሞ በ1972 ሮላንድን መሠረተ።

እስከዚህ ድረስ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ምቶች የአሜሪካና የአውሮፓ መደነሻ አዳራሽ ምቶች ናቸው፤ ላቲን አሜሪካ ከገባም በእነዚያ አዳራሾች በኩል አልፎ ነው። ማሽኑ የተሠራው ሳሎኑ ውስጥ ኦርጋን ላለው ሰው ስለሆነ አይገርምም። ያ ዝርዝር ግን ለአሥርት ዓመታት ከኪቦርድ ወደ ኪቦርድ ሲወራረስ ኖረ። ዛሬም ርካሽ ኪቦርድ ብትከፍቱ ዋልዙ፣ ታንጎውና ማርሹ እዚያው ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ።

ካሬው

በ1978 ሮላንድ «ሲአር 78»ን ሲያወጣ ተጠቃሚው የራሱን ምት ሠርቶ ማስቀመጥ ቻለ። በ1980 ደግሞ አሜሪካዊው ሮጀር ሊን «ኤልኤም 1»ን ይዞ መጣ፤ በእውነተኛ ድራም የተቀረጹ ድምፆችን የሚያጫውት፣ ጣታችሁ የመታውንም የሚያስታውስ ማሽን ነው። ከእሱ ጋር አንድ ዛሬም አብሮን ያለ ሐሳብ ተስፋፋ፤ ኳንታይዝ።

ኳንታይዝ ቀላል ነገር ነው። የካሬ ደብተር አስቡ። ማሽኑ ጊዜን እንደ ካሬ ደብተር ይከፋፍለዋል። እናንተ ከመስመሩ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብላችሁ ብትመቱ ማሽኑ ምታችሁን ይዞ በጣም ቅርብ ወደሆነው መስመር ይጎትተዋል። የተንገዳገደ ልጅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችግሩ፣ ማሽኑ ከመስመር የወጣውን ሁሉ እንደ ስህተት ማየቱ ነው። ሊን ራሱ ይህን ስለተረዳ ማሽኑ ላይ «ስዊንግ» የሚባል ነገር ጨመረ፤ ከየሁለቱ ምት አንዷን በተወሰነ መቶኛ የሚያዘገይ። የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በዚህ በኩል የራሱን አካሄድ ካሬው ውስጥ ማስገቢያ አገኘ። ሌሎቻችን ማስገቢያውን ራሳችን መፈለግ ነበረብን።

የኦኩዳ «ሮክ»

በ1980 ኦኩዳ ሂሮኮ የምትባል ወጣት ጃፓናዊት ከሙዚቃ ኮሌጅ ተመርቃ ካሲዮ ገባች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሬጌ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋ ደግሞ «ኤምቲ 40» ለሚባል ትንሽ ኪቦርድ አጃቢ ምቶችን መጻፍ ሆነ። ከእነዚያ አንዱ «ሮክ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ኪቦርዱም በ1981 ገበያ ወጣ።

አራት ዓመት ቆይቶ ጃማይካ ውስጥ ዌይን ስሚዝ የሚባል ወጣት ዘፋኝና ጓደኛው ኖኤል ዴቪ ያንን የ«ሮክ» ምት አገኙት። ኪንግ ጃሚ የተባለው ፕሮዲውሰር ፍጥነቱን ቀነሰው፣ ጥቂት ነገር ጨመረበት፣ በ1985 «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ» ወጣ። የጃማይካ ሙዚቃ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ የስቱዲዮ ባንድ የሚጫወተው ቤዝ ቦታውን ለማሽን መልቀቅ ጀመረ፣ በዚያች አንዲት ምት ላይም በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠሩ።

እዚህ ላይ የተደረገው ማስተካከል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስተውሉ። ፍጥነት መቀነስ ነው ዋናው። ካሲዮ «ሮክ» ያለውን እነሱ በዝግታ ሰምተው ሬጌ አገኙበት፤ እውነትም የሬጌ ወዳጅ ጽፋው ነበርና። ሌላም ነገር አለ። ኪቦርዱ ላይ የኦኩዳ ስም የትም አልተጻፈም። ዓለም የጻፈችውን ሲጨፍርበት እሷ ካሲዮ ውስጥ ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ስሟ በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ሙሉ ባንድ በግራ እጅ

በ1983 ሚዲ የሚባለው ስምምነት ሲመጣ የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በአንድ ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ። ሚዲ ድምፅ አይልክም፤ «ይሄን ኖታ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ጉልበት» የሚል ትእዛዝ ነው የሚልከው። ስለዚህ ምት ወደ ቁጥር ዝርዝር ተለወጠ፣ ቁጥር ደግሞ ይስተካከላል። ሮላንድ በ1988 «ኢ 20»ን ሲያወጣ፣ ያማሃም የ«ፒኤስአር» ቤተሰቡን እያሳደገ ሲሄድ፣ አጃቢው ከበሮ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ባንድ ሆነ።

የያማሃን ስታይል ፋይል ብትከፍቱ የምታገኙት ይሄ ነው። መግቢያ አለ፣ ዋናው ክፍል በተለያየ ድምቀት አለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ አለ፣ መዝጊያ አለ። ሰርጉ ላይ ከበሮው «የተገለበጠው» መሸጋገሪያዋ ስለተነካች ነው። እያንዳንዱ ክፍል እስከ ስምንት መስመር ይይዛል፤ ሁለት ለከበሮ፣ አንድ ለቤዝ፣ ሁለት ለኮርድ፣ አንድ ረዘም ላለ ድምፅ፣ ሁለት ለአጫጭር ዜማዎች። በመጨረሻ አንድ የሕግ ዝርዝር ይከተላል፤ «ተጫዋቹ በግራ እጁ ኮርድ ሲቀይር እያንዳንዱ መስመር ምን ያድርግ?» የሚለውን የሚመልስ። ለፕሮግራመር ይሄኛው ነው የሚጥመው። ሙዚቃው ዳታ ነው፣ ሕጉ ኮድ ነው፣ ሁለቱም አንድ ፋይል ውስጥ ተኝተዋል።

እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ ጥቂት አሥር ኪሎባይት ብቻ ነው። 1.44 ሜጋባይት የምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ በርካታ ሪትም ትሸከማለች። አንድ ሰው ደረት ኪሱ ውስጥ ሙሉ የሰርግ ፕሮግራም ይዞ መሄድ ቻለ ማለት ነው።

አዲስ አበባ፤ ከነፋስ መሣሪያ ወደ ኪቦርድ

እኛ አገር ከውጭ የመጣ መሣሪያ ላይ የራስን ምት የማስገባት ሥራ በኪቦርድ አልተጀመረም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይዘው ገቡ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር የገጠመው ጥያቄ፣ ዛሬ ኪቦርዲስቱን የሚገጥመው ራሱ ነው። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት፣ በሰባት ድምፅ የሚያስብ መሣሪያ ላይ እንዴት ይቀመጥ?

የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ከዚያ ዋልያስ፣ ዳህላክ፣ አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ያንን ጥያቄ በሰው እጅ መለሱት። እነዚያን ሸክላዎችና ካሴቶች ስትሰሙ ድራመሩ ከበሮ እየመሰለ ድራም ሲመታ ትሰማላችሁ። ድራሙ የውጭ፣ አመታቱ የእኛ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ መጣ። ሌሊቱ የሙዚቀኛው የሥራ ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱ ሲዘጋ ሥራው ጠበበ። ዋልያስ በሂልተን ሲጫወቱ ደንበኛው እላፊው እስኪነሳ እዚያው ያነጋ ነበር። ትልልቅ ባንዶች ሲመነምኑ ካሴቱ ሰፋ። በ1991 መንግሥት ተለውጦ ሌሊቱ ሲመለስ፣ የቀድሞው ስምንትና አሥር ሰው ያለው ባንድ እንዳለ አልተመለሰም። በርካታ ቦታ ላይ የተመለሰው አንድ ኪቦርድ ነው።

በውጭ አገርም ነገሩ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሶ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ጋር ለትርኢት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ያወጣው ካሴት ላይ አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7ና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን አዋሀደው። ከኋላው ባንድ አልነበረም። ሆኖም ያ ማሽን የሚመታው ነገር የባዕድ ሆኖ አይሰማም፤ አኮርዲዮኑ ከላይ እየተንሳፈፈ ማሽኑን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ለዓለም አድማጭ አዲስ ግኝት መሰለ። እሱ በነዚያ መካከለኛ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

በኪቦርድ ዘመን ላይ የሚነሳውን ቅሬታ ታውቁታላችሁ። «ሙዚቃውን ገደሉት፣ ሁሉም ዘፈን አንድ ሆነ፣ ድራመር ሥራ ፈታ።» እውነት አለው። አንድ ሰው የአምስት ሰው ክፍያ ሳይጠይቅ የአምስት ሰው ሥራ ሲሠራ አራቱ ቤታቸው ይቀራሉ። ይህ ቅሬታ ግን አንድ ነገር ይዘላል። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የእኛን ጭፈራ አያውቅም ነበር። ያስተማረው ሰው አለ።

1440 ቦታ

አሁን ያ ሰው ምን እንዳደረገ በዝርዝር እንይ።

ችክችካ የምንለው ምት ብዙ ጊዜ 6/8 ተብሎ ይጻፋል። ስድስት ትንንሽ ምት ነው። ጆሯችሁ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት ሊከፍላቸው ይችላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎም ለሦስት ሊከፍላቸው ይችላል። ጨዋታው እዚያ ውስጥ ነው፤ ጭብጨባው በሁለት ሲሄድ ዜማው በሦስት ይንሸራተትበታል። ካውል በ1930ዎቹ ማሽን ያሠራለትን ነገር ጎጃም ውስጥ ሰርግ ላይ አክስቶቻችን በእጃቸው ያጨበጭቡታል።

በኮምፒውተር ይህን ለመጻፍ አንዱን ሩብ ኖታ በ480 ነጥብ እንከፍላለን እንበል። አንድ ሙሉ 6/8 ዙር 1440 ነጥብ ይሆናል። ለሁለት ሲከፈል ምቶቹ 0 እና 720 ላይ ይወድቃሉ። ለሦስት ሲከፈል 0፣ 480 እና 960 ላይ። ሁለቱም ቡድኖች የሚገናኙት ዜሮ ላይ ብቻ ነው። ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ የት፣ ቀጭኑን የት ታስቀምጣላችሁ? አስተካካዩ የሚመልሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው።

መነሻ ያስፈልገዋል። የፋብሪካው ዝርዝር አብዛኛው 4/4 ነው፤ ዋልዙ 3/4 ነው። በስድስት የሚቆጠር ከተገኘ የ6/8 ማርሽ ወይም የጣሊያኖቹ ታራንቴላ ነው። ስለዚህ የወታደር ሰልፍ ምት ይከፈታል፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ መስመር ይሰረዛል፣ ስኔሩ ይነሳል፣ ቀሪው አጥንት ላይ ሌላ ሥጋ ይለበሳል። በአምስት ለሚቆጠረው የትግርኛ ጉዋይላ ደግሞ የሚነሳበት ቅርብ ዘመድ እንኳ ስለሌለው ከባዶ መጀመር ይቀላል፤ በ5/8 አንድ ዙር 1200 ነጥብ ነው፣ ሁለትና ሦስት እየሆነ ይከፈላል።

ከዚያ ድምፁ ይመጣል። በ1991 በወጣው የጋራ ስምምነት የከበሮ ድምፆች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ 36 የእግር ድራም፣ 38 ስኔር፣ 39 ጭብጨባ፣ 54 ታምቡሪን፣ 63ና 64 ኮንጋ። ለእኛ ከበሮ ቁጥር የለውም። አስተካካዩ ኮንጋና ቶም እየቀላቀለ፣ የአንዱን ድምፅ ዝቅ የሌላውን ከፍ እያደረገ ከበሮ ያስመስላል። የትልቁን አፍ ጥልቀት ከቶሙ፣ የትንሹን አፍ ጥፊ ከኮንጋው ይሰርቃል። የተሻለ ኪቦርድ ያለው ከበሮውን ራሱን ቀርጾ ያስገባል።

በመጨረሻ ያ የካሬ ደብተር ነገር አለ። ከበሮ መቺ መስመር ላይ አይመታም፤ አንዳንዷን ምት ሆን ብሎ ያዘገያል። ፍጥነቱ በደቂቃ 110 ትልልቅ ምት ቢሆን፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት 720 ነጥብ ስለሚይዝ፣ የ20 ነጥብ መዘግየት ወደ 15 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ለዓይን ምንም ነው፤ ለትከሻ ግን ብዙ ነው። አስተካካዩ በስንፍና ኳንታይዝን ቢጫን እነዚያ 20 ነጥቦች ድራሻቸው ይጠፋል፣ እስክስታው ሰልፍ ይሆናል። ጎበዞቹ ከበሮውን በጣታቸው ይጫወቱና የተሳሳተችውን ብቻ ለይተው ያነሳሉ። የትኛዋ ስህተት የትኛዋ አመታት እንደሆነች ማሽኑ አይነግራቸውም። ጆሮ ነው የሚወስነው።

ኮርዱ የማያውቀው ቅኝት

ከከበሮው ይልቅ ቤዙ ይከብዳል። ስታይል የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ዶ ላይ በተመሠረተ ማጆር 7 ኮርድ ነው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ተጫዋቹ በግራ እጁ ማይነር ሲይዝ ማሽኑ ሕጉን ያይና ሚን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። መሠረቱ አንድ እምነት ነው፤ ማንኛውም ሙዚቃ ማጆር ወይም ማይነር ነው፣ ይህን የሚወስነውም ሦስተኛው ድምፅ ነው።

አሁን አምባሰልን አምጡ። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ሚ የለችም፣ ዝቅ ያለችዋም የለችም። ማሽኑ «ማጆር ነው ማይነር?» ብሎ ሲጠይቅ አምባሰል መልስ የለውም። የፋብሪካው ቤዝ ሚን የነካ ቀን ዘፋኙ ፊቱን ያጠቁራል። አንቺሆዬ ይባስ ብሎ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። የዓለም ቤዝ ሁሉ የሚወደው ከዶ ወደ ሶል የሚደረግ ዝላይ እዚህ ሲመጣ፣ ቤዙ ሶልን ይመታል፣ ዘፋኙ ከእሷ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይዘፍናል። የሁለቱ ግጭት ጥርስ ያፋጫል።

መፍትሔው ያ የሕግ ዝርዝር ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር «ኮርዱ ሲቀየር ኖታዎቹን አትለውጥ» ማለት ይቻላል። ወይም «ሙሉውን ዜማ አንድ ላይ ከፍና ዝቅ አድርግ እንጂ ውስጡን አትንካ» ማለት ይቻላል። አስተካካዩ ቤዙን ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ሕጉን ይዘጋዋል። ሜኑ ውስጥ ተደብቆ ለሌላ ነገር የተቀመጠ ምርጫ ነው፤ በእኛ እጅ ቅኝት ማስከበሪያ ሆነ። ይህን ያገኘው ሰው መመሪያ መጽሐፉን አንብቦ ይሁን እየሞከረ አላውቅም፤ በየትኛውም መንገድ ግን የሠራው ሥራ ነርሲስ ናልባንዲያን በወረቀት ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ስም የሚጻፍበት ቦታ

ነርሲስን በስሙ እናውቀዋለን። ኦኩዳን ዘግይቶም ቢሆን ዓለም አወቃት። የእኛን ሪትም አስተካካዮች ግን ማን ያውቃቸዋል? ሪትሞቹ ከፍሎፒ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ቴሌግራም ተላልፈው ዛሬ ሰርግ ቤትም፣ ምሽት ክበብም፣ የወንጌላውያን ጉባኤም ውስጥ ይመታሉ። ብዙዎቹ የፋይል ስማቸው «ጉራጌ 2» ወይም «ችክችካ አዲስ» ነው። ከየት ነው? የማን ከበሮ ተሰምቶ ነው የተጻፈው? የጎንደር ነው፣ የወሎ ነው፣ የመንዝ? ፋይሉ ዝም ነው።

የስም ነገር የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ችግሩ አንድ ፋይል በበዛ ቁጥር ምንጩን መተካቱ ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን በአንድ ፍጥነት የጻፈው ችክችካ ሺህ ጊዜ ከተገለበጠ በኋላ «ችክችካ» ማለት እሱ ብቻ ይሆናል። ኪቦርድ ላይ የተማረ ልጅ ከበሮ መቺ ሲሰማ «ዘገየ» ሊል ይችላል፤ ያቺን 20 ነጥብ ማለቱ ነው። ልዩነቱ ሲጠፋ ማንም አላጠፋውም፤ ዝም ብሎ የሚጠቀስ ነገር አልነበረም። የቀደሙት ፋይሎች ደግሞ ፍሎፒ ላይ ናቸው። ፍሎፒ ማግኔት ነው፣ ይሻግታል፣ አንባቢ ማሽኑም እንደ ልብ አይገኝም። በ1990ዎቹ የተሠራ ሪትም ያለው ሰው ዛሬ መሳቢያው ውስጥ ያለው ነገር ከዓመት ዓመት እየተሰረዘ ነው።

ደስ የሚለው፣ እዚህ ላይ ከባድ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። የያማሃ ስታይል ፋይል በውስጡ መደበኛ የሚዲ ፋይል ይዟል። ለሚዲ ፋይል ደግሞ ጽሑፍ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ተሰጥተውታል፤ አንዱ ለማስታወሻ፣ አንዱ በተለይ ለባለመብት ስም። ኪቦርዱ ሲያገኛቸው ዘልሏቸው ያልፋል፣ ድምፁ አይለወጥም። እነዚህን ቦታዎች የሕግ ዝርዝሩን በማያጠፋ የስታይል ማስተካከያ ፕሮግራም መሙላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኪቦርዱ ላይ መልሳችሁ ስታስቀምጡት ጽሑፉ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ያንኑ መረጃ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከጎኑ አስቀምጡለት።

ምን ይጻፍ? ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከየትኛው ፋይል ተነስቶ፣ የየት አካባቢ ጭፈራ ነው፣ የማን ከበሮ ተሰምቶ ነው፣ በየትኛው ቅኝት ይሠራል። ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ይህን በየቀኑ እናደርገዋለን፤ ማን የትኛዋን መስመር መቼ እንደቀየረ የሚመዘግብ ሥርዓት ሳይኖረን ሥራ አንጀምርም። የከበሮ ፋይል ከዚያ ያነሰ የሚገባው አይመስለኝም።

አጎታችሁ ወይም የሰፈር ኪቦርዲስት የድሮ ዲስኮች ካሉት፣ በሚቀጥለው እሁድ ሂዱና ጠይቁት። የፍሎፒ ማንበቢያ ተውሳችሁ፣ ፋይሎቹን ቀድታችሁ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። አንድ በአንድ ክፈቱለትና ይህን የቱ ሠራው በሉት። ስሙን ሲነግራችሁ ጻፉት።